ከጥጃዋ አፍ የተወሰደው እንገር

ሐሙስ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አምቦ

ጥጃዋ ዛሬም አልተነሳችም። ተቅማጡ ውሃ ብቻ ሆኗል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። እሷ ከሞተች ላሚቱ ወተቷን አትለቅም፤ ጥጃዋን ካላሸተተች እንቢ ባይ ናት።

ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙን ኦቦ ፈይሳን ጠራኋቸው። ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው በጠርሙስ ካጠጧት በኋላ፣ «እንደተወለደች እንገሩን በደንብ ጠብታለች?» ብለው ጠየቁኝ። አማቴ ቀደሙኝ።

«ኧረ እንዳያስቀምጣት ብዬ ከአፏ ላይ ነው የነጠቅኳት!»

ኦቦ ፈይሳ ጠርሙሱን እያስቀመጡ፣ «መድኃኒቷ እኮ እሱ ነበር» አሉ።

በማን ልናደድ? አማቴ ከእናታቸው ያዩት ይህንኑ ነው። ላም ስትወልድ እንገሩ ይፈላል፣ ለጎረቤት ይዳረሳል። እኔም በልቻለሁ፤ ጣፍጦኝ ነበር።

ከሰዓት ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ እንገር የላክንበትን ሳህን መለሱ። ባዶውን አይሆንም ብለው ቆሎ ሞልተውበታል።

«እንዴት ያለ እንገር ነው እባካችሁ! ጥጃዋን ያሳድግላችሁ!»

እኔ ሳህኑን ተቀበልኳቸው። አማቴ የጥጃዋን ራስ ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ፣ «አሜን፣ አሜን» አሉ።