ትርፉ አልጋና ወደ ተበላ የሄዱት ሽማግሌዎች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለሚርያም፤ መተሐራ።

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የመተሐራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጋሼ ኤርካሎ ወገባቸውን አሟቸዋል ብለሽ ጽፈሽልን ነበር፤ ተሽሏቸው ወደ ሸንኮራው ማሳ ተመለሱ ወይ? ምሕረት ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የትንሹ የማቲ ጥርስስ ወጣለት? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ሳሉን፣ እማማ ጉልበታቸውን ያማርራሉ፤ ማማረራቸውን ያቆሙ ቀን ነው የምንሰጋው።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ሁልጊዜ የሚቆረጠው ዋናው ነገር ላይ ስደርስ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ የምወዳትን ልጅ፣ የበዴሳዋን አስተማሪ ዓመለወርቅን፣ በአባባ ጥንቃቄ ምክንያት ከማጣት ለጥቂት ነው የተረፍኩት። በአባባ ጥንቃቄና በእኔ ይሉኝታ ብል ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው መሥሪያ ቤቴ ነው። የእንጨት ሥራ ድርጅታችን ባለቤት ወይዘሮ የትምወርቅ ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር ከነሶፍትዌሩ አስመጡ። ሶፍትዌሩ አንድ አልጋ ወይም ቁም ሣጥን ከጣውላው ጀምሮ እስከ ቫርኒሹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ያቅዳል፤ ለየአናጺውም የሥራ ትእዛዝ ያትማል። እኔም ኮምፒውተር ተምሯል ተብዬ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ችግሩ ይህ ሶፍትዌር መብራት በፈረቃ መሆኑን አልሰማም። መጀመሪያ በማሽን ሰንጥቁ ይላል። መብራት ከሌለ መላጉም፣ መገጣጠሙም፣ ቀለሙም ተራውን ጠብቆ ይቆማል፤ አናጺዎቹም በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ።

ወይዘሮ የትምወርቅ ይህ ነገር ከአንድ መንገድ ሌላ አያውቅም ወይ ብለው ቢቆጡ፣ መመሪያውን አገላብጬ ሁለት ነገር መጨመር እንደሚቻል አገኘሁ። አንደኛው ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ነው። አንዱ አናጺ የአልጋውን ራስጌ ሲሠራ ሌላው ግርጌውን ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ይገጥሙታል። ሌላው ተለዋጭ መንገድ ነው። መብራት ካለ በማሽን፣ ከሌለ በእጅ መጋዝ። ጎን ለጎን ሲባል ሁለቱም ይሠራሉ፤ ተለዋጭ ሲባል አንዱ ብቻ። እንዲህ አሳምሬ የማስረዳሽ ካጠፋሁ በኋላ ስለገባኝ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ የዲምቱ ሙሽራ አልጋ አዝዞን ነበር። ማሽኑንና መጋዙን ተለዋጭ አደርጋለሁ ብዬ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ሶፍትዌሩም ለአንዱ አናጺ በማሽን፣ ለሌላው በመጋዝ ሥራ ብሎ አዘዘ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር ቆመው፣ እየተጨዋወቱ፣ አንዳቸው የሌላቸውን አልጋ እያዩ ሁለቱንም ጨረሱ። ለምን አልጠየቃችሁም ብላቸው፣ ኮምፒውተር ባዘዘው እኛ ምን አገባን አሉኝ። የዲምቱው ሰው በማሽን የተሠራውን ወሰደ። ወይዘሮ የትምወርቅ ትርፉን አልጋ ከጠረጴዛዬ ፊት አስቀመጡና፣ ስታገባ ትወስደዋለህ፣ እስከዚያ እያየኸው ሥራ አሉኝ።

አሁን ወደ አባባ ልመለስ። ሶፍትዌሩ ገና ጉድ ሳይሠራኝ፣ አንድ ማታ የተቀቀለ ቦዬ እየበላን ስለ ተለዋጭ መንገድ ጉራዬን ነዝቼባቸው ነበር። ይሄስ ጥሩ ብልሃት ነው ብለው አደነቁ። በነጋታው ሽማግሌ እንዲልኩልኝ ጠየቅኳቸው። መቼም ታውቂኛለሽ፤ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ፈቃድዎ ከሆነ የበዴሳው የአቶ ገብረማርያም ልጅ፣ እምቢ ካሉም ምንም አይደለም አልኩ። እንዲህ የሚባለው ለወጉ ነው። ለአባቱ ያለ እሷ አልኖርም ብሎ የሚናገር ማን አለ? አባባ ግን ቃሌን እንዳለ ያዙት። እነሱ ኦርቶዶክስ፣ እኛ ጴንጤ፣ ልጃቸውን አይሰጡንም ብለው ሰጉና ለእኔ ሳይነግሩኝ ብልሃቱን ሥራ ላይ አዋሉት። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አጎታችንን ቶማን ከነሽማግሌዎቻቸው ወደ በዴሳ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ደግሞ ወደ ተበላ ከተማ፣ ወደ አቶ ዳልጮ ቤት ላኩ። የአቶ ዳልጮን ልጅ ሶፊን እኔ የማውቃት ከመዘምራን መሀል ቆማ ስትዘምር ብቻ ነው።

ሁለቱም ቤት እንደ ደንቡ ዘመድ እናማክር ብለው ቀጠሮ ሰጡ። በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ቤት እሺ አሉ። አቶ ገብረማርያም እንዲያውም፣ በጾም ቀን ሥጋ አታቅርቡብኝ እንጂ ልጄ ከወደደች እኔ ምን እላለሁ ነው ያሉት። አጎቴ ቶማ በደስታ እየዘመሩ ሲመለሱ፣ ከተበላ እየዘመሩ ከተመለሱት ጋር ደጃፋችን ላይ ተገጣጠሙ። እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝ ሰው በዛና በየትኛዋ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በዚያ ላይ ሁለቱም አባቶች በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሶዶ እንመጣለን ብለው ልከዋል። ዓመለወርቅ ይህን ከሰው አፍ ከሰማች አበቃልኝ ብዬ እህል አልበላ አለኝ።

አባባ እንግዶቹ የልጁን መሥሪያ ቤት እንይ ማለታቸው አይቀርም ብለው፣ የሚቀመጡበትን ለማየት መጥተው ያ አልጋ ላይ ዐረፍ አሉ። የማነው ሲሉኝ፣ አንዱ ብቻ መሠራት ሲገባው ሁለቱንም አሠርቼ የተረፈ ነው አልኳቸው። እንጨቱን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ ታዲያ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው በለኛ አሉ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ፣ ለዓመለወርቅ ተለዋጭ የለኝም፣ እሷን ካጣሁ ሌላ አላገባም አልኳቸው። ለካ ጮኬ ኖሯል፤ አናጺዎቹ መጋዛቸውን አቁመው ያዩኛል። አባባ ተቆጡ። የተቆጡት ግን፣ ታዲያ ምንም አይደለም ያልከኝ ለምንድን ነው፣ እኔ የሰው ልብ አነባለሁ ወይ ብለው ነው።

በማግስቱ እማማን ይዘው በመጀመሪያው ሚኒባስ ይቅርታ ሊጠይቁ ተበላ ወረዱ። ምን ዓይነት እርግማን ይዘው ይመጡ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ። ሲመለሱ አባባ ከሳቃቸው ብዛት እንባቸውን ይጠርጋሉ። አቶ ዳልጮ ገና ከበር ሲያዩዋቸው፣ ሰማችሁ እንዴ ብለው ደነገጡ አሉ። ለካ ከእኛ በፊት ሽማግሌ ለላከ ሰው እሺ ብለው ኖሯል! የሶፊም ልብ እዚያው ነው። ለእኛ እሺ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን መመለስ አሳፍሯቸው ነው፤ ሶዶ እመጣለሁ ያሉትም ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር። ሁለቱ አባቶች የበለጠ ያጠፋው እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ ሲባባሉ ዶሮ ወጡ ደረሰ። ሶፊን የሚያገባት ማን መሰለሽ? ያ አልጋ ያሠራው የዲምቱ ሰው ነው።

ለዓመለወርቅ ከሌላ ሳትሰማ እኔው ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አኮረፈች፣ ከዚያ ለአባትህ ያልከውን ለእኔም ድገመው አለችኝ። ደገምኩላት። አቶ ገብረማርያምም በገበያው ቀን መጥተው አልጋውን ነቅነቅ አድርገው ካዩ በኋላ ወደውታል። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሁን በሚለው ገና እየተነጋገርን ነው፤ ሠርጉ ግን ከጊፋታ በዓል በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል።

እህቴ፣ እስከ ዛሬ በደብዳቤዬ መጨረሻ፣ መምጣት ባይመችሽም ምንም አይደለም እልሽ ነበር። አሁን አልልሽም። እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ካልመጣሽ በጣም ይከፋኛል፤ በአንቺ ቦታ ላቆመው የምችል ሌላ ሰው የለኝም።

ጋሼ ኤርካሎን ወገባቸውን ሳትነኪ እቀፊልኝ። ምሕረትን ግንባሯን፣ ማቲን ደግሞ ጥርሱ ወጥታ ከሆነ ተጠንቅቀሽ ጉንጩን ሳሚልኝ። እማማ ዳጣ አዘጋጅተው ይጠብቁሻል። አጎቴ ቶማ ሰላም ይሉሻል፣ አሁንም ይዘምራሉ። አባባም ከጎኔ ተቀምጠው ትምጣ በል፣ ቢመቻት የምትል ቃል እንዳትጨምር እያሉ ይቆጣጠሩኛል።

ወንድምሽ ቃለሕይወት
ወላይታ ሶዶ
ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.