ለቢጫ ምልክት ብዬ የዘጋሁት ስልክ

ለውድ እኅቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ቁስሉ ደረቀ ወይ? ምግብ መዋጥስ ጀመርሽ? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ።

የእንቅርቱ ቀዶ ጥገና በሰላም ቢያልቅም ድምፅሽ እንደ ጠፋ፣ ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም ገና እንደማያውቅ ልጅሽ ነገረችኝ። ከመግባትሽ በፊት ሦስት ጊዜ ደውለሽልኝ ስልኬ ዝግ ነበር። ለምን እንደ ተዘጋ ሳልደብቅ ልንገርሽ።

ጆሮዬ ስለ ደከመ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጎረቤቴ ስልኬን በብሉቱዝ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቶልኝ የደዋዩ ድምፅ በትልቁ ስፒከር ይወጣል። ደኅና ይሠራ ነበር። ነገር ግን ኮምፒውተሩን በከፈትሁ ቁጥር «የመሣሪያው ድራይቨር አልተገኘም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከነቢጫ ምልክቱ ብቅ ይላል። ድራይቨር የሚሉት ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም ነው። ጠጋኙ «መምህር፣ ድምፁ ከተሰማ ምን ጎደለዎት? ዘጠና ዘጠኝ ያመጣውንም ተማሪ አንዷን የት ጣልሃት እያሉ ያስለቅሱ ነበር አሉ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔን ግን ከነከነኝ።

በቀጠሮሽ ቀን አራት ሰዓት ላይ እደውላለሁ ስላልሽኝ፣ ድምፅሽን ያለ አንዳች እንከን ልስማ ብዬ በሁለት ሰዓት ሥራውን ጀመርሁ። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የማስተካከያ መመሪያ ተራ በተራ ደብተር ላይ ገለበጥሁ። ስልኩን ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ሰረዝሁ፤ መመሪያው እንዳዘዘው ስልኩን አጠፋሁት፤ አዲስ ድራይቨር ፈልጌ አጣሁ። አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም ስል ቀና ብዬ ሰዓት ሳይ አምስት ተኩል ሆኗል። ስልኩን ስከፍት አንቺ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተሻል።

«ጋሼ ሥራ ይዞ ይሆናል፣ አትረብሹት» ብለሽ ነው አሉ የገባሽው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በማግስቱ ጠጋኙ መጥቶ በሁለት ደቂቃ ጨረሰው። ስልኩ ለኮምፒውተሩ ከሚያቀርባቸው አገልግሎቶች መካከል የድምፁን ትቶ ድራይቨር የሌላቸውን ሁለቱን ዘጋቸው፤ ማስጠንቀቂያውም ጠፋ። ሳልነካው ብተወው ኖሮ ምንም አይጎዳኝም ነበር። አሁን ስክሪኑ ንጹሕ ነው፤ ማየቱ ግን አስጠላኝ።

እኅት ዓለም፣ ይቅር በዪኝ። ያን ቀን ምን ልትዪኝ እንደ ነበር ጻፊልኝ፤ ሁለት መስመርም ቢሆን ይበቃኛል።

ባለቤትሽን በርታ በዪልኝ። ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ስላልደበቀችኝ አመሰግናታለሁ። አማትሽንም ጉልበታቸውን ይማርልኝ በዪልኝ።

መደወልሽንም አትተዪ። መናገር የለብሽም፤ ስልኩን በጣትሽ ሁለቴ አንኳኪው፣ ወሬውን እኔ አወራለሁ።

ወንድምሽ
ከቤቴ፣ ኅዳር 14 ቀን