ማንን ልመርቅ?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዛሬም ዓረብ አገር፣ ዛሬም ኡድ ሜታ ክሊኒክ፣ ዛሬም መጥረጊያ። ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ አዲስ ሥዕል ሰቅለዋል። ኮምፒውተር የሳለው ነው አሉ። ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፍቶ ያየዋል። የጀልባ ሥዕል ነው... ሸራው በነፋስ ወደ ቀኝ ተነፍቷል፣ ባንዲራው ወደ ግራ ይውለበለባል። ለማን ይነገራል? አቧራውን ጠረግሁለት።

ቤት ስገባ አብሮ አደጌ ራቢያ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። የሰርጓ ኒካህ ለኅዳር 20 ተቆርጧል።

"ሰብሪናዬ፣ የምታወጪልኝ አንቺ ነሽ፣ እሺ?"

እኔ ካላወጣሁ ማን ሊያወጣ! እዚህ ሰፈራችን ኢንተርናሽናል ሲቲ ያለች የወሎ ልጅ ስታገባ ግጥሙን የማወጣው እኔ፣ የሚቀበሉት ሌሎቹ ሴቶች ናቸው። እናቷ ከኮምቦልቻ በቪዲዮ ይከታተላሉ። አባቷ ጋሼ ሱሌይማን የሉም፣ ካቻምና ሞቱ። ልብስ ሰፊ ነበሩ። የመጀመሪያ ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ "ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ትንሿ" እያሉ... ለሳቸውም አንድ ስንኝ ይገባቸዋል።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አውቶቡስ ላይ መጣልኝ።

የሰው ልጅ ስታቅፍ ክንዷ የዛለባት፣
የራሷን ልታቅፍ አላህ ፈቀደላት።

ስንት ዓመት ሙሉ የማዳምን ልጆች ተሸክማ የለ? ይሄ የራቢያ ነው፣ ለሌላ ሙሽራ አይሆንም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ለካ ጮክ ብዬ ነበር። ይየኝ።

የአባቷ ግን እምቢ አለኝ። ሰርግ ላይ ሞት እንዴት ይነሳል? ቢነሳ ያስለቅሳል፣ ቢተው ደግሞ ነውር ነው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ቃሲም መጣ። የራቢያ የአክስት ልጅ፣ ናይፍ ገበያ ስልክ የሚጠግነው። ስልክ ከመጠገን አልፎ ገጣሚ ሆኗል አሉ! የሙሽራዋን ስም፣ የሙሽራውን ስም፣ የአባቷን ስም፣ አገሯን ስልኩ ላይ ላለው ዘፈን አውጪ ማሽን ጻፈለትና "ያላ!" አለው። ስልኩ ዘፈነ። ከበሮ አለው፣ የሴት ድምፅ አለው። እልልታውን እንኳን ራሱ እልል አለ!

"ዋላሂ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም!" ይላል ቃሲም።

ያስታውቃል። ጨረቃ አለ፣ ኮከብ አለ፣ ማር አለ። ሰማይም ንብም አልቀረው። ራቢያን ብቻ አጣኋት። ስሟ ይጠራል እንጂ እሷ የለችበትም።

ራቢያ ግን አለቀሰች። አለቀሰች! ግማሹን እንኳ ሳትሰማ "በቃ፣ በቃ፣ ይሄ ነው" አለች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ፣ "ሰብሪናዬ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርተሽ ከሹግል ደክመሽ ነው የምትመጪው። ለምን ትቸገሪያለሽ? ደግሞ ይሄ ለቲክቶክም ያምራል።"

"ኸላስ፣ እንዳልሽ" አልኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። አኩርፌያለሁ? አዎ፣ አኩርፌያለሁ።

ኅዳር 13

የአባቷ ስንኝ ዛሬ መጣ። ዛሬ! አሁን ምን ያደርግልኛል?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ከሰርጉ፣ ከዐጅማን ተመለስኩ። ድግሱ የሙሽራው እህት ቤት ነበር። ምግቡ ጥሩ፣ ሂናው ጥሩ። የራቢያ እናት በስልክ ውስጥ ነጭ ሻሽ አስረው ቁጭ ብለዋል። ቃሲም ስፒከሩን ሰክቶ ወደ ወንዶቹ ሄደ።

ዘፈኑ ራሱ አወጣ፣ ራሱ ተቀበለ። ሴቶቹ የሚሠሩት ጠፋቸው። ከተቀባዮቼ ያቺ ጉሮሮዋ የማይሰለቸው ህሊና እንኳ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ አፏን ገጥማ ትቀርጻለች። ሰርግ ነው ወይስ የቪዛ ወረፋ?

ወደ መጨረሻው ላይ ማሽኑ፦ "ጋሽ ሱሌይማን ይነሱ፣ ልጅዎን ይመርቁ!" አለ። ደግሞ ደገመው። እልልም አለበት።

ለካ ከመካከላችን አንድም ሰው እስከ መጨረሻው አልሰማውም! ቃሲም ስማቸውን ጻፈለት፣ መሞታቸውን ለማሽኑ ማን ይንገረው?

ራቢያ ፊቷን በሂና እጇ ልትሸፍን ስትል ሂናው ትዝ ብሏት ቆም አለች። እናቷ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። ከዚያ፦

"ማናት ያወጣችው? ማንን ልመርቅ?"

ደንባችን ነው። የሙሽራ እናት ያወጣችውን በስሟ ጠርታ ሳትመርቅ ሰርጉ ጎደሎ ነው። እስቲ ማንን ይመርቁ? ስፒከሩን?

"ሰብሪና ናት፣ እማ!" አለች ራቢያ። ጨነቃት መሰለኝ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

"ሰብሪና... እድሜሽ ይርዘም። በሄድሽበት ይቅናሽ። ክፉ አይንካሽ።" ቀጥለው ቀስ ብለው፦ "ግን ልጄ... የሱሌይማንን መሞት አልሰማሽም ነበር?"

ምን ብል ጥሩ ነው? "አሜን" አልኩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ራቢያ ደወለች። "ሙሽኪላ የለም፣ አታስቢ፣ እማ ትረሳዋለች።" ቃሲም ደግሞ ከኋላዋ፦ "ይስተካከላል በያት! ሞተዋል ብዬ እጽፍለታለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ነው!" ሁለት ደቂቃውን ይዞ ገደል ይግባ።

ስቄባቸው አልወጣልኝም። እኔስ? የሰው ዘፈን እንኳ አይደለም፣ የማንም ባልሆነ ዘፈን በስሜ ተመረቅኩ። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ዩኒፎርሟን የሰፉላትን ሰው ከመቃብር ቀስቅሳ እልል ያለች ሰብሪና የምትባል አለች። አሳፈረኝ። በጣም አሳፈረኝ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሆኜ ለራቢያ እናት ደወልኩ። ክፍላችን ውስጥ ሰው ይሰማኛል ብዬ።

"እትዬ፣ ያ ዘፈን የኔ አይደለም። የስልክ ማሽን ነው ያወጣው። አሜን ያልኩት ግን እኔ ነኝ።"

"ማሽን?"

"አዎ።"

"ሱሌይማንም የስፌት መኪና ነበረው። ሳይለካ ግን ሰፍቶ አያውቅም።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ምርቃቴንስ ማን ወሰደው?" አሉ።

"እኔ ጋ ነው፣ እትዬ።"

"እንግዲያ አውጪ።"

እዚህ? ከጀርባዬ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈዋል። አንዱ ሳንድዊች ይበላል። ድምፄ እንደዚያ ስፒከር አላማረም። አወጣሁት።

ለስንቱ ሙሽራ ለክተው እየሰፉ፣
ለልጃቸው ጊዜ ቀድመውን አረፉ።

ኔትወርኩ ሄደ ብዬ ስልኩን አየሁት። አልሄደም። ከዚያ ያ የተሰነጠቀ ድምፃቸው፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ተቀበለኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀበሉኝ። ሲያለቅሱም እየተቀበሉ ነበር።

"ድገሚው" አሉ።

አውቶቡሱ መጣ። ሰዎቹ ገቡ። እኔ ደገምኩት።