የቀይዋ ዘይት

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ
ከክሊኒክ ወጥቼ እርጉዞቼ ጋ ዞርኩ። ሁሉም ደህና። ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ሆዷ ወርዷል፣ ቀኗ ቀርቧል። የመጀመሪያዋ ስለሆነ ትፈራለች።
"ስደውልልሽ ትደርሺልኛለሽ?"
"ሞተር ሳይክል ለምን የያዝኩ ይመስልሻል?" አልኳት።
ስመለስ ጋሼ ጋራዥ ጎራ አልኩ። ታላቄ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ። የቀይዋን፣ የሞተር ሳይክሌን፣ ዘይት ቀየረልኝ። "ለአዲስ መኪና የማደርገውን ምርጡን ነው የቀዳሁልሽ" አለ። ለሞተር ሳይክል ይሆናል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ጋሼ ካለ አለ ነው።

ጥቅምት 6፣ ዓርብ
ቀይዋን ምን ነካት? ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ትጮሃለች፣ ግን አትሄድም። ፍሪሲዮኗ አልይዝ አለ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ... ወፍሬ ይሆን? አይ፣ ባለፈው ሳምንት እንደ ፍየል ነበር የምትወጣው።

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ
ጋሼ የፍሪሲዮኑን ገመድ አጠበቀ። ለውጥ የለም።
"የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ የሚይዘው ሳህን፣ አልቋል፤ ይቀየር።"
"እንዲህ በድንገት? ዘይቱ ቢሆንስ?"
ሳቀ። "አንቺ አዋልጂ። ብረቱን ለእኔ ተዪው።"
ቀይዋን ይዤ ወጣሁ። ግን አልተዋጠልኝም። ዘይቱ ሳይቀየር ደህና ነበረች፣ ሲቀየር ታመመች። አንዲት ሴት እንዲህ ሆንኩ ብላ ብትመጣብኝ መጀመሪያ ምን እጠይቃታለሁ? ምን ወሰድሽ ነው የምላት።

ጥቅምት 9፣ ሰኞ
ጠዋት ከዳገቱ ተደወለ። ልብስ ሰፊዋ አይደለችም፤ ጎረቤቷ ናት፣ እሷም እርጉዜ... ምጧ ፈጥኗል። ቀይዋ መሃል ዳገት ላይ ጮኸች፣ ጮኸችና ቆመች። አንድ ሱቅ ደጅ ትቻት ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ።
ስደርስ ልጁ ወጥቷል። አማቷ በፎጣ አቅፈውታል። "ብቻዬን ነው የተቀበልኩት" አሉ። ደሙ በዝቶ ነበር... ቆመ። ሁለቱም ደህና ናቸው።
ስወጣ ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ላቤን አየች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ትደርሺልኛለሽ?" ያለችኝ ትዝ አለኝ።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ
የሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሚሸጡት ሴትዮ ጋ ሄድኩ። ሳልጨርስ ገባቸው።
"መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ለብቻው፣ ደረቅ ቦታ ነው የሚቀመጠው። የአንቺ ግን ከሞተሩ ጋር አንድ ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው። የአዲስ መኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ በጣም አንሸራታች ነው። ለመኪናው ጥሩ፤ የአንቺ ሸራ ግን በምን ይያዝ?"
ሊሸጡልኝ ፈልገው ቢሆንስ? ቤት ገብቼ ከቀይዋ ጋር የመጣውን መመሪያ ገለጥኩ። ያው ነው። ውፍረቱ አሥር ደብልዩ አርባ፣ ጣሳው ላይ ደግሞ ኤም ኤ የሚል ምልክት፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ማለት ነው።
ተመልሼ ገዛሁ። ጋሼ ከፈለገ ይቆጣ።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ
ቀይዋን ከሱቁ ደጅ እየገፋሁ ጋራዥ አደረስኳት፤ ጣሳውን ጋሼ ፊት አስቀመጥኩት። ምክንያቱንም ነገርኩት።
"እኔ ጋራዥ ውስጥ? ሠራተኞቼ እያዩ?"
"ምርጡን እንደሰጠኸኝ አውቃለሁ ጋሼ። ለእሷ ግን አይሆንም።"
መኪና ሥር ገባ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ተንበረከክኩ። የማፍሰሻው ቡሎን እምቢ አለኝ። ብታገል ብታገል... ለካ ቁልፉ ልኩ አይደለም። ከመኪናው ሥር አንድ እጅ ተዘረጋ፣ ልኩን ቁልፍ ይዞ።
አዲሱን ቀድቼ ሞከርኩ። አሁንም ያንሸራትታል። ተሳስቼ ይሆን?
ጋሼ እጁን እየጠረገ ወጣ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ "ሸራው የበፊቱን ዘይት ጠጥቶታል። እንፍታው" አለ። አብረን ፈታን። ሸራዎቹን አንድ በአንድ አጠባቸው። አላለቁም ነበር። እኔም አየሁ፣ እሱም አየ። መልሰን ገጠምናቸው።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ
ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ። እስከ ጫፍ።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ
ከቀትር በኋላ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ደወለች። "ጀመረኝ።" ስደርስ የስፌት መኪናዋን ተደግፋ ቆማለች። ጊዜ ነበረን። ጀርባዋን አሸሁላት፣ አወራን፣ ተነፈስን። ሴት ልጅ። እጄ ላይ ወጣች።
ጓንቴን ሳወልቅ ጋሼ ደወለ።
"ደረስሽ?"
"ደረስኩ።"
"እንዴት ናት?"
"ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ድምጿ አንተ ጋ የሚሰማ።"
"ሞተር ሳይክሏን ነው የምልሽ።"
ልብስ ሰፊዋ ከስልኩ ሰምታ በዚያ ድካሟ ሳቀች።
"እሷም ደህና ናት ጋሼ።"
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ደንበኛ ሞተር ሳይክል አምጥቶ... ቆይ ጠይቄ ልምጣ ብዬዋለሁ። ጣሳው ላይ ምን የሚል ነበር ያልሽኝ?"
ነገርኩት። "ኤም ኤ" ብሎ ቀስ እያለ ደገመው።