ከባድ መኪናውና ባጃጁ እኩል ይደርሳሉ

ለሁሴን፣ ለሐያት አባት፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ አላህም ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለያየን ዓመት አልፎ ጥቂት ወራት ሆነ። ጉልበቴ የደሴን ብርድ እንደ ድሮው አይችለውም እንጂ እኔ ደህና ነኝ። የምነግርህ ብዙ ነው፤ አብዛኛው የደስታ ወሬ ስለሆነ ተደላድለህ ስማኝ።

ቤታችን ዘንድሮ እንደገና የተማሪ ሆኖ ከረመ። ጎረቤታችን መሪማ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልታጠና ትመጣ ነበር፤ እነሱ ቤት የተከራየው ውብሸትም፣ የኩታበሩ ቄስ ልጅ፣ አብሯት ነበር። ያንተን ደንብ ከቀድሞ ተማሪዎችህ ሰምተው ኖሮ ገና ከበር ሲገቡ ፈታኛቸው እኔ መሆኔን ነገሩኝ።

ምን ዓይነት ደንብ ነበር ግን ያመጣህብኝ! ሂሳብም ፊዚክስም ስታስጠና ጥያቄ ሠራሁ ያለህን ሁሉ ወደ እኔ ትሰደው ነበር። ለዘሀራ ያላስረዳኸው ነገር ለራስህም አልገባህም ትላለህ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ፤ ከገባኝ አለፈ፣ ካልገባኝ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ይታገላል። ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለልኩት ሴት ስንቱን ጎበዝ አስላብኩት! በቀደም ፒያሳ ስወርድ ባጃጁ ድንገት ቆሞ ወደ ፊት ብወረወር ለሾፌሩ ስለ ኢነርሺያ አስረዳሁት። የረገምኩት መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ።

ሐያት ናት ያስጨነቀችኝ። አንተ ስትለየን ፈተናዋ ደርሶ ነበር፤ ሳትቀመጥ ቀረች። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ በእጇ አልነካችም፤ ሱቅ ልቀጠር ትለኝ ጀመር። ያንተ ልጅ አይደለች፣ ብገፋት ይብስባታል ብዬ ዝም አልኩ። ዘንድሮም ካለፋት ግን ትምህርቷን ትታው እንደምትቀር ታውቆኝ እፈራ ነበር። እነ ውብሸት ሲያጠኑ እሷ ጓዳ ገብታ ዕቃ ታጥባለች፤ ሲያልቅባት የታጠበውን መልሳ ታጥባለች።

አንድ ቅዳሜ ውብሸት ሊያስረዳኝ መጣ። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ከባድ መኪናና አንድ ባጃጅ ያለ ሞተርና ያለ ፍሬን እኩል ቢለቀቁ፣ ሰበቃም ነፋስም ባይዛቸው፣ ማን ይቀድማል? ከባዱ ነው፣ ምድር አብዝታ ስለምትስበው አለኝ። ወላሂ እንደዚያ ጥርት ብሎ የገባኝ ነገር የለም። በርታ የኔ ልጅ፣ አልፈሃል ብዬ መረቅኩት፤ መሪማም አጨበጨበች። ድሮ ቢሆን አንተ ከተቀመጥክበት የገባኝን መልሰህ ትጠይቀኝና ስህተቱ ይያዝ ነበር። አሁን የሚይዝ የለም።

ጓዳ ውስጥ ድስት ጓ አለ። ሐያት እጇ አረፋ እንደሆነ ወጣች። “እማ፣ ምኑ ነው የገባሽ?” ብላ ውብሸት የያዘውን ጠመኔ ነጠቀችው። ከባድ ነገር በሚሳብበት መጠን ለመንቀሳቀስም ይከብደዋል፤ ስለዚህ እኩል ይደርሳሉ አለች። እኔ እሺ አልኩ መሰለህ? ከባድ መኪናና ባጃጅ እኩል! ክርክሩ ሲበዛባት እርጥቡን ትሪ አዘንብላ ሙሉ ሳሙናና ቁራጭ ሳሙና አንድ ላይ ለቀቀችልኝ። እኩል ተንሸራተው እግሬ ላይ ወደቁ። ተሳሳቅን፤ እሷም ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያማ ማን ያስቁማት! እሷ ፊዚክሱን ለውብሸት፣ እሱ የረሳችውን ሂሳብ ለእሷ፣ መሪማ ደግሞ መልሱን ራሷም የማታውቀውን ጥያቄ እየፈጠረች ሁለቱን ታጣላለች። ለፈተና ኮምቦልቻ ሲወርዱ የውብሸት አባት ከኩታበር ድረስ መጥተው ነበር። እሳቸው በጸሎታቸው፣ እኔ በዱዓዬ፣ ሦስቱንም መርቀን ሸኘናቸው።

ውጤቱ ትናንት ወጣ። ውብሸት አለፈ፣ መሪማም አለፈች። የሐያት ስልክ ኔትወርክ እምቢ ብሎት ግቢውን ስትዞር ቆየች። እኔ መስገጃዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ጆሮዬ ውጭ ነው። ድንገት ወደ ቤት ዞራ “አባ! አለፍኩ!” ብላ ጮኸች።

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደንገጥ ብላ ቆመች። እነ መሪማ አቀረቀሩ።

“አቤት ልጄ!” አልኳት እኔ ከውስጥ። ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ አለቀስንም ሳቅንም።

ሁሴን፣ እንደማልረሳህ ቃሌ ይኸው ነው፤ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ በዚህ ቤት አንተ ተጠርተህ አቤት የሚልልህ አይጠፋም።

ያንተው ዘሀራ