በልጄ ስም ስለተሰየመው ዋንጫና ስለወረዱት ማንጠልጠያዎች

ለክቡር አቶ ሊንደን ስኬፍ
የዋራንጊ አካባቢ የበግ አርቢዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎንም፣ ባለቤትዎን ወይዘሮ ሄዘርንም፣ በጎችዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። በጎቹስ ደህና መሆናቸውን ባለፈው እሑድ ከመቃብር ስመለስ ከአጥሩ ማዶ አይቻለሁ፤ ጠጉራቸው አድጓል፤ የሸለታው ወቅት ደርሷል። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። በከተማችን ጋዜጣ እንዲወጣልኝ የለመንኩትም፣ ሥራ ስለሚበዛብዎ ከሌላው ወረቀት ጋር ተደባልቆ እንዳይጠፋብዎ ብዬ ነው።

የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። በዘንድሮው ውድድር ከሁሉ ፈጥኖ ለሚሸልት ሰው የሚሰጠው ዋንጫ በልጄ በዴል ትሬጊር ስም እንዲጠራ፣ እኔም እናቱ መድረክ ላይ ወጥቼ እንድሸልም ስላሰባችሁ እጅግ አመሰግናለሁ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን፣ በጎቹ በሚሸለቱበት በሼድዎ ምግብ አብሳይ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሳላቀርባቸው የቀሩ ሌሎች ምስጋናዎች ስላሉኝ በተራ በተራ እንድጽፋቸው ይፍቀዱልኝ።

፩. ማኅበራችሁ በሼድዎ ግድግዳ ላይ ስላስለጠፈው ሥዕል አመሰግናለሁ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ እየሣቀ ካርቶን ከመሬት ያነሣል። በጣም ያምራል። ካርቶኑም አይራገጥም። ልጄና ባልደረቦቹ ቀኑን ሙሉ ለሁለት ታጥፈው፣ በአንድ እጃቸው መሸለቻውን፣ በሌላው የሚፈራገጥ በግ ይዘው ስለሚውሉ ከሰውዬው ምን እንደሚማሩ ግራ ገብቷቸው ነበር። ዴል በሻይ ዕረፍት ላይ ሥዕሉ ፊት ቆሞ «ይሄ ሰውዬ ግን በሕይወቱ በግ አይቶ ያውቃል?» አለ። ሽማግሌው ሸላች ሙሬይ ደግሞ «እራት ላይ አይቶት ይሆናል፤ ከድንች ጋር» አለው።

፪. ወይዘሪት ጆስሊን የምትባለውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከትልቁ ከተማ ስላስመጣችሁልንም አመሰግናለሁ። እሷ ሥዕል አላመጣችም። አንድ ሙሉ ጠዋት ጥግ ላይ ቆማ ሲሠሩ አየቻቸው። ከዚያ እግራቸውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ ጀርባቸውን ከማጉበጥ ይልቅ ከዳሌያቸው እንዴት እንደሚጎነበሱ፣ የበጉን ክብደት በወገባቸው ሳይሆን በጉልበታቸው እንዴት እንደሚይዙ አሳየቻቸው። በዕረፍት ሰዓት በደረታቸው ተኝተው በእጃቸው መሬቱን እየገፉ ደረታቸውን ቀና እንዲያደርጉም አስተማረቻቸው። ሻይ ይዤ ስገባ ያ ሁሉ ጎረምሳ ወለሉ ላይ እንደ እንሽላሊት አንገቱን አቅንቶ ሳየው ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። በመጨረሻም በእያንዳንዱ ሸላች መቆሚያ ላይ ማንጠልጠያ አሰቀለች። ከጣሪያው በሚለጠጥ የብረት ሞላ ተንጠልጥሎ የሚወርድ፣ ደረት ሥር የሚያልፍ፣ የጎነበሰ ሰው የላይ አካሉን ክብደት የሚይዝለት ሰፊ ቀበቶ ነው።

በዚያ ሳምንት ዴል ከሥራ ሲመለስ ምን አለኝ መሰለዎት? «እማ፣ ዛሬ ካልሲዬን ራሴ አወለቅኩ!» ጎልማሳ ሰው ነው፣ ክቡር ሆይ። እስከዚያ ቀን የማወልቅለት እኔ ነበርኩ።

፫. ማንጠልጠያዎቹን ስላስወረዱልን አመሰግናለሁ። ያለፈው ውድድር ዕለት እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ ግርግር ላይ ነበርን። እኔ ከማብሰያው ክፍል ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ቆርቆሮ ነው። «ይሄ የሸለታ ሼድ ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት? አያቴ እዚህ ጣሪያ ሥር የሸለተው ሳይንጠለጠል ነው። አውርዱልኝ!» አሉ እርስዎ። ወረዱ። እንግዶቹ በልተው፣ ጠጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ማንጠልጠያዎቹ ግን አልተመለሱም።

፬. ስለ ቀልድዎም አመሰግናለሁ። በሸላቾቻችን ዘንድ ያለውን ልማድ እርስዎም ያውቁታል። ማንጠልጠያ የሚያስረው ወገቡ ያለቀለት ሰው ብቻ ነው፤ ደህናው ሰው ካሰረው እንዳለቀለት ይቆጠራል። ስለዚህ ሁሉም ወገቡ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ካለቀም በኋላ ማሰሩ ምንም አይጠቅመውም። ወይዘሪት ጆስሊን ሁሉም ላይ የሰቀለችው ማንም እንዳያፍር ብላ ነበር። ዴል ብቻውን መጥቶ የኔን መልሱልኝ ብሎ ሲጠይቅዎ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ዴልዬ፣ ዥዋዥዌው ናፈቀህ እንዴ? ማን ይግፋህ?» አሉት። ሼዱ በሣቅ ተሞላ። ዴልም አብሮ ሣቀ። ሁለተኛ አልጠየቀዎትም።

፭. ይህን ቁጥር ስጽፍ ብዙ ጊዜ አቋርጫለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከዚያ በኋላ ልጄ ቤት ሲገባ የሚፈልገው አልጋ አልነበረም። ወጥ ቤቴ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ባቶቹን ወንበር ላይ ይሰቅላል፤ ይህንንም ያሳየችው ወይዘሪት ጆስሊን ናት። እኔ እየተሻገርኩት ድንች እልጣለሁ። «ተነሥ እንጂ አንተ ልጅ፣ ምድጃው ጋ ልለፍበት» ስለው «ረግጠሽኝ እለፊ እማ፤ ማን ያውቃል፣ የወጣው አጥንት ይገባ ይሆናል» ይለኛል። እንሥቃለን። እንዲነሣ እጁን ስስበው ግን ፊቱን እንዳላይ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ክኒን ጀመረ። ክኒኑ እንቅልፍ እንደሚጥልና ውጦ መንዳት እንደማይገባ ፋርማሲው ነግሮታል። ነገር ግን ካልዋጠ መጎንበስ አይችልም፤ ካልነዳ ደግሞ ቤቱ አይደርስም። አንድ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ አንድም መታጠፊያ በሌለው መንገድ ላይ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥታ ባሕር ዛፍ ገጨች። ፍሬን የያዘበት ምልክት አልተገኘም። እርስዎ ክኒኑን አፉ ውስጥ አልጨመሩበትም፤ እንዲህ ብዬ አልወቅስዎትም። እርስዎ ያስፈቱት ጥቂት ብሎን ብቻ ነው።

፮. በቀብሩ ላይ ስላደረጉት ንግግር አመሰግናለሁ። «ዴል ወገቤን ብሎ ሲያማርር አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም» ብለዋል።

የሬሳ ሣጥን የሚሠሩት ሰዎች የልጄን ቁመት ጠይቀውኝ በእጄ እያሳየሁ ነገርኳቸው። ሣጥኑ ሲመጣ አጠረው። ሌላ ማስመጣት ግድ ሆነ። ገናዦቹ ቀጥ አድርገው አስተኝተውት አየሁት፤ ትከሻው ተዘርግቶ፣ አንገቱ ቀንቶ፣ ጀርባው ከሥር ያለውን ሳንቃ ነክቶ። ዴል እንዲህ ረጅም መሆኑን ረስቼው ኖሯል። እናቱ ነኝ፤ ረስቼው ነበር።

አሁን ወደ መልሴ ልግባ። ዋንጫውን አልሸልምም። የልጄንም ስም ከዋንጫው ላይ እንድታነሡልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ፍጥነቱን እናንተ አይታችሁለታል፣ ዋጋውን ያየሁት እኔ ነኝ።

በምትኩ የምለምነው ይህ ነው። የመጀመሪያው በግ ወለሉን ከመርገጡ በፊት በእያንዳንዱ መቆሚያ ላይ ማንጠልጠያ ይሰቀል። ደህናውም፣ ወጣቱም፣ ጎበዝ የሚባለውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰረው። በዕረፍት ሰዓት መሬት ላይ ተኝቶ ጀርባውን የሚያፍታታ ሰው አይሣቅበት። የሙሬይ የልጅ ልጅ ዘንድሮ ሸለታ ሊጀምር ነው። እናቱ ትናንት ቤቴ መጥታ ድንች አብራኝ ልጣ ሄደች።

ፖሊሶች ከመኪናው የወጣውን ዕቃ ሲመልሱልኝ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ማንጠልጠያ አገኘሁ። ገዝቶ ደብቆታል። ላስቲኩ አልተከፈተም። ሸለታው በሚጀመርበት ጠዋት ያንን ይዤ፣ መሰላል ተሸክሜ እመጣለሁ፤ ዴል ይቆምበት ከነበረው ቦታ በላይ እሰቅለዋለሁ። መሣቅ የፈለገ ሰው ካለ በእኔ በእናቱ ፊት ይሣቅ። የሌሎቹን መስቀል ግን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ብዙ ወቅት በሼድዎ ያበሰልኩ፣ ሥጋዎ ምን ያህል እንዲበስልልዎ እንደሚወዱ እስከ ዛሬ ያልረሳሁ፣ ሥራዎንና ስምዎን ሁልጊዜ የማስታውስ፣ አክባሪዎ

ግሌኒስ ትሬጊር
የዴል እናት

ማስታወሻ፦ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለእርስዎ የጀርባ መደገፊያ ያለው፣ ከፍታው የሚስተካከል ወንበር መገዛቱን ሰምቻለሁ። ገና ምንም ሳያምምዎ፣ ለጥንቃቄ ተብሎ ነው አሉኝ። ማንም እንዳልሣቀብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እባክዎ ቀጥ ብለው ይቀመጡበት።