ስልሳ የቀኝ እጅጌ

ለልጄ ለፍቅርአዲስ ካሣ
ጅዳ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ ትከሻሽ አሁንም ይይዝሻል? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ስለ እንቅልፍሽ የጠየቅሁሽ ለወግ አይደለም፤ መልሱን እፈልገዋለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከእኔም ጋር ይጣላል። ሙቀቱ ዘንድሮ ጥቅምት መግባቱን የሰማም አይመስል።

ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ከቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት የለቀምኩት ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ስናገር ቁጣዬ ስለሚቀድመኝ ነው። ከነሐሴ ወዲህ ደግሞ አንቺም ማንሳት ትተሻል። ስለዚህ ለዕረፍት የመጣችው ጓደኛሽ ኑሀሚን ዓርብ ወደ ጅዳ ሥራዋ ስትመለስ ይህን በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ።

ኑሀሚን ሁሉንም ነግራኛለች። አትቆጫት፤ አስጨንቄ ነው ያወጣሁት። ማዳምሽ የዓርብ ዕረፍትሽን ትተሽ በእህቷ ቤት እንድትሠሪ የሁለት ዓመት ውል አዘጋጅታለች አለችኝ። ጥቅምት ሳያልቅ ትፈርሚያለሽ አለችኝ። ልብስ ስትተኩሺ ቆመሽ እንቅልፍ ወስዶሽ ካውያው ክንድሽን እንዳቃጠለሽም ነገረችኝ። ለእኔ ግን ሁሉ ሰላም ነው ብለሽኝ ነበር።

እዚህ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ፣ የሰው ልጅ ቤት ይሠራል፣ አንቺ ዓርብ ዓርብ ትራስሽን አቅፈሽ ትውያለሽ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይህን የጻፍኩት ያን ቃል ልመልሰው ነው። ምክንያቱን ሳልነግርሽ ግን አታምኚኝም፤ ቃሌን ስመልስ አይተሽኝ አታውቂምና።

ሃሊሞን ታውቂያታለሽ፣ ቀፊራ ገበያ ከእኔ አጠገብ የምትሰፋዋን። ስድስት ሰዓት ሲሞላ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ምንጣፏ ላይ ጋደም የምትለዋን። ድሬ በቀትር መዝጋቷን አላጣሁትም፤ ግን ዕረፍቱ ለጠገበ ሰው የተፈቀደ ይመስለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷ ስትተኛ እኔ እየሰፋሁ አማኋት። ሰነፍ አልኳት። በዚያው ሠላሳ ዓመት እሷ ሁለት መኪና ጨመረች፣ ሁለት ሴቶች ቀጠረች፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት ሠራች። እኔ ያችኑ አንዷን ፔዳል ስረግጥ ቀረሁ። ዕድል ነው እል ነበር። ቀትር ላይ የሰፋሁትን ተበላሽቶ እያገኘሁት በማግስቱ ስፈታው እንደምውል ግን ለራሴም አልነገርኩም።

ነሐሴ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ለእኔና ለሃሊሞ ሠላሳ ሠላሳ የዩኒፎርም ሸሚዝ ሰጠን። ሃሊሞ ስምንት ቀን ጠየቀች። እኔ በአራት ቀን አደርሳለሁ አልኩ። እሷ እየሰማች ስለነበር ደስ አለኝ። ሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ገበያው ጭር ብሎ፣ ቆርቆሮው ከላይ እየጋለብኝ እጅጌ መቁረጥ ጀመርኩ። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ገጽ ለገጽ ተጋጥሞ ነው የሚነጠፈው፤ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ የሚወጣው ያኔ ነው። አንቺ ይህን በሰባት ዓመትሽ ታውቂው ነበር። እኔ ሁሉንም ገጹን ወደ ላይ አድርጌ ደረብኩት። አሥር አሥር እየደረብኩ ስድስት ጊዜ ቆረጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃሊሞ ፊቷን ታጥባ መጣች። አንዱን እጅጌ አንስታ በቀኝ ክንዷ ላይ ለካችው። ሌላ አነሳች፣ እሱም የቀኝ ሆነ። ሦስተኛም አነሳች። “የፍቅርአዲስ እናት፣ እነዚህ ልጆች ግራ እጅ የላቸውም እንዴ?” አለችኝ። ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ከቀረው ጨርቅ የግራውን ልቆርጥ መቀሱን አነሳሁ። ጨርቁ ግን አልቋል፤ እሱም አልታየኝም፤ ቀድሞ የተቆረጠውን የሸሚዝ ጀርባ ነበር የያዝኩት። ሃሊሞ መቀሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ዕድሜሽን ተኝተሽ ሥራ ምን ታውቂያለሽ ብዬ ሰደብኳት። ከዚያም የባሰ ብያታለሁ፣ አልጽፈውም። እሷ መቀሱን ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን በጡቷ መሃል ሸጎጠች። “በዚህ ዓይንሽ መቀስ አላስይዝሽም። ስትነቂ ትጨርሺልኛለሽ ስድቡን፣ አሁን ተኚ አቦ።”

ላለቅስ ነበር ምንጣፏ ላይ የወደቅኩት። ተኛሁ። ስነቃ ፀሐይ ልትገባ ነው፤ ሃሊሞ ከራሷ ጣቃ ሠላሳ የግራ እጅጌ ቆርጣ አጠገቤ አስቀምጣልኛለች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን አብረን ሰፋን፤ ሁለቱንም ቀን ቀትር ላይ ዘጋን። አንድ ቀን አሳልፈን አስረከብን። ትምህርት ቤቱ አንድ ቃል አልተናገረም። ያን ሁሉ ዘመን ስፈራው የኖርኩት መዘግየት እንዲሁ አለፈ።

ሃሊሞ፣ ቀትር ላይ የሰፋችው ሁሉ እየተበላሸ ተመልሶ ስለሚመጣባት ገና ሥራ ስትጀምር እንደተወችው፣ የምትቀበለውም ጠዋትና አመሻሽ ላይ የሚያልቀውን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት። “ነግሬሽ ነበር እኮ። ሰነፍ አልሽኝ” አለችኝ።

አሁን ስድስት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። መስከረምን ሙሉ ከድሮው ያነሰ ተቀብዬ አንድም ልብስ አልተመለሰብኝም፤ ትምህርት ቤቱ የሴቶቹን ቀሚስም ጨመረልኝ። ደስ ብሎኛል አልልሽም። እርር ብያለሁ። ሕፃን ሆነሽ ቀትር ላይ ከመኪናዬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ትተኚ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አጠገብሽ ጋደም አላልኩም። ያን ማን ይመልስልኛል?

ስለዚህ ልጄ፣ አትፈርሚ። ዓርብሽን አትስጪያቸው። ልትገዢልኝ ያሰብሽው የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ይቅርብኝ፤ ይህችው ትበቃኛለች። ማዳምሽን እናቴ ከለከለችኝ በያት፤ እውነትም ነው። ካባረረችሽ ቤትሽ ነይ። ሃሊሞ ቀኝና ግራ የሚለይ ቆራጭ ትፈልጋለች፤ እኔን አላመነችኝም።

አባትሽ ካሣ፣ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቶሎ ጨርሺ እያለ፣ ስሞሻል። ወንድምሽ ኃይለመለኮት ጢም አብቅሏል፤ ሰላም ይልሻል፣ ስልክሽን አንሺ ይልሻል። ሃሊሞ፣ የእናትሽን ስድብ የቻልኩት ለአንቺ ስል ነው በያት ብላኛለች።

ከደብዳቤው ጋር ኑሀሚን ትራስ ታደርስልሻለች። ልብሱን የሰፋሁት ከተረፉት እጅጌዎች ነው። ገጣጥሜው ነው፤ ሁሉም የቀኝ ናቸው። ዓርብ ዓርብ እሱን አቅፈሽ ዋዪ።

እናትሽ በለጠች
ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.